ወንበሩ የት ገባ?

ከማስተማር ሥራዬ የለቀቅሁ ጊዜ መውጫ በሩ ላይ የያዘኝ ነገር ወንበር ነው። አንድ ወንበር። «ክሊራንስ» የሚሏትን ወረቀት ይዤ አሥራ አራት ፊርማ ልለቅም ተነሣሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ፈረመልኝ። ካፌው ፈረመልኝ (በዱቤ በልቼበት አላውቅም፤ ግን መፈረም ነበረበት)። የስፖርት ክፍሉ ሳይቀር ኳስ አለመውሰዴን አረጋግጦ ፈረመልኝ። ንብረት ክፍል ስደርስ ሞዴል 22 ተብሎ የሚጠራው ወረቀት ወጥቶ ቢታይ፣ ከብዙ ዓመት በፊት «ባለ መደገፊያ ወንበር፣ ብዛት 1» የሚለውን ፈርሜ ተረክቤያለሁ። ፊርማው የእኔ ነው፤ አልካድኩም። ወንበሩ ግን የለም። አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሁለት ቀን ሙሉ በየቢሮው እየዞረ የሰው ወንበር ከሥር ከሥሩ ሲያገላብጥ ዋለ፤ የንብረት ቁጥር ፍለጋ። በመጨረሻ ዋጋውን አስከፍለው አሰናበቱኝ።

አሥራ አራቱ ፊርማ ሲሰበሰብ አንድም ሰው «ለመሆኑ የሚያውቁትን ለማን አስረከቡ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ነገሩ የግል ቂም እንዳይመስል ልዘርዝረው። (ትንሽ ቂም አለበት፤ አልዋሽም።) ቢሮዬ ጥግ ላይ አንድ የብረት ቁም ሣጥን ነበር። በውስጡ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ከየትውልድ ቀያቸው የቀረጿቸው ካሴቶች ተደርድረዋል፤ ሙሾ፣ ቀረርቶ፣ የአጨዳና የውቂያ ዘፈን፣ እሹሩሩ። ከ200 በላይ ይሆናሉ። በላያቸው «ሀ 17»፣ «ለ 4» የሚል ምልክት ተለጥፎባቸዋል። ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ የተጻፈበት ደብተር አለ፤ ደብተሩ የሚናገረው ግን ግማሹን ብቻ ነው። የቀረው በሁለት ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ በእኔና በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ፣ ሁላችንም እትዬ በምንላቸው ሴት። ካሴቱን ሁሉ እያዳመጡ ግጥሙን በጽሕፈት መኪና ያወረዱት እሳቸው ናቸው። አንዲት አልቃሽ ለገዛ ልጃቸው ያወጡትን ሙሾ «እኔ በሕይወት እያለሁ ሰው ፊት እንዳይከፈት» ብለው ለቀራጩ ተማሪ አደራ እንደሰጡት የምናውቀው እትዬና እኔ ነን። አደራው የትም አልተጻፈም። ተማሪው ነገረን፤ ሰማን፤ ጠበቅን።

በዚያ ዓመት ሁለት የትምህርት ክፍሎች «ተዋሕደው» አንድ ይሁኑ ተባለ። የማን ኃላፊ ኃላፊ ይሆናል፣ የየትኛው ቢሮ ይለቀቃል በሚለው ላይ ስንት ስብሰባ ተሰበሰበ! ካሴቶቹ በሞዴል 19 ገቢ ሆነው ስላልተመዘገቡ በንብረት ክፍል ዓይን የሉም። የሌለ ነገር ደግሞ ርክክብ የለውም። እኔ በሰኔ ወጣሁ፤ እትዬም በዚያው ሰኔ ጡረታ ወጡ። ቁም ሣጥኑ ግን ቁጥር ስላለው በክብር ተቆጥሮ ተመዘገበ።

እንግዲህ ጠቡ ከዚህ ቆጠራ ጋር ነው። የእኛ አገር መሥሪያ ቤት ወንበር፣ ስቴፕለርና የቆሻሻ ቅርጫት መቁጠር ያውቅበታል። ሠራተኛው በሃያ ዓመት ያጠራቀመውን ዕውቀት ግን መቁጠሩ ቀርቶ መኖሩንም አያውቅም። የሚያውቀው ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ስልክ ይደወላል። «ጋሼ፣ እንደምን ነዎት? ጡረታው እንዴት ነው? አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር...»

እንደ እትዬ ያለ ሰው በየቢሮው አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ወይም የቦታ ጉዳይ ይዛችሁ የተንከራተታችሁ ታውቁታላችሁ። ፋይላችሁ የተከፈተው ከተማው በከፍተኛና በቀበሌ በሚተዳደርበት ዘመን ነው። በኋላ ወረዳ መጣ። በ1995 ክፍለ ከተማ መጣ። ቀበሌዎች ተጠቃለሉ፤ ተመልሰው ወረዳ ተባሉ። በ2013 ለሚ ኩራ ተጨምሮ ክፍለ ከተሞቹ 11 ሆኑ። ወረቀቱ በማዳበሪያ ከረጢት እየታጨቀ ከቢሮ ቢሮ ሲጓዝ ኖረ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ «ፋይሉ የለም» ይላችኋል። ውሸቱን አይደለም፤ እሱ ዘንድ የለም። በዚህ መኻል አንድ ዕድሜ የጠገቡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ድሮ ከፍተኛ ስንት፣ ቀበሌ ስንት ነበራችሁ?» ይላሉ። ይህን ጥያቄ የሰማ ባለጉዳይ ነፍሱ መለስ ትልለታለች። ሰውዬው ቀስ ብለው ይነሣሉ፤ ከኋላ ክፍል አቧራ የጠጣ ማኅደር ይዘው ይመለሳሉ። አባትየው በሞቱ ጊዜ ስሙ ወደ እናትየው መዞሩን፣ የመዝገቡ ቁጥር ሁለት ጊዜ መለወጡን ያውቃሉ። እኚህ ሰው በደመወዝ እርከን ከታች ናቸው። አዲስ መዋቅር ሲጠና መጀመሪያ «መደቡ ታጥፏል» የሚባለውም በእሳቸው ላይ ነው፤ ምክንያቱም አጥኚው የመጣው የሥራ ዝርዝር ወረቀት ይዞ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ «ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል» የሚል ብቻ ነው።

መዋቅር ስንወድ! የውኃውን ሚኒስቴር እንመልከት። በ2003 የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተባለ። ቆይቶ መስኖ ገባበትና የውኃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሆነ። በ2008 ኢነርጂ ወጥቶ ኤሌክትሪክ ገባ። በ2011 ኤሌክትሪኩ ወጥቶ ኢነርጂ ተመለሰ። በ2014 መስኖው ከቆላማ አካባቢ ጋር ሆኖ ሌላ ሚኒስቴር ሲያቋቁም፣ ቤቱ ተመልሶ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተባለ። አሥራ አንድ ዓመት ተጉዞ የተነሣበት ደጃፍ ላይ አረፈ ማለት ነው። ባህልና ቱሪዝም በ1998 ተጋቡ፤ በ2014 ተፋቱ፤ ባህል ስፖርትን አገባ። ከፍተኛ ትምህርት በ2011 ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ ከሳይንስ ጋር የራሱን ሚኒስቴር መሠረተ፤ በሦስተኛ ዓመቱ ወደ እናት ቤቱ ተመለሰ። ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት ይኖር ይሆናል፤ ሚኒስቴር ስንት ይሁን የሚለው ክርክር የእኔ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ ማኅተሙ፣ ታፔላውና የደብዳቤው ራስጌ ተቀይሯል። መኪናው በርክክብ ተከፋፍሏል። ከሁለቱ ባለ ጉዳዮች መካከል ያለውን ነገር የሚያውቀው ባለሙያስ ወደ የትኛው ወገን ሄደ? ሄዶስ ያገኘው ወንበር ከሚያውቀው ሥራ ጋር ይገናኛል? ወይስ «ክፍት መደብ እዚያ ነው ያለው» ተብሎ የመስኖውን ሰው ግዢ ክፍል፣ የግዢውን ሰው ሕዝብ ግንኙነት አስቀመጡት?

ይህ የቢሮ ጭቅጭቅ የሚመስለው ሰው የባሕር ኃይላችንን ያስብ። ባሕር ኃይል የተመሠረተው በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው። መጀመሪያ ካደራጁትና ካሠለጠኑት መካከል የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩ። ምፅዋ ላይ ጦር ሰፈር፣ አስመራ ላይ የባሕር ኃይል ኮሌጅ ነበረው። ከዚያ 1983 መጣ፤ መርከቦቹ ከአሰብ ወጥተው ወደ የመንና ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በ1989 ኃይሉ ጨርሶ አከተመ። በር ከሌለን ባሕረኛ ምን ያደርግልናል ተባለ፤ ይህም ቢሆን ክርክሩ የእኔ አይደለም። ሆኖም በ2010 እንደገና ባሕር ኃይል እናቋቁም ተባለ። በመጋቢት 2011 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት አዲስ አበባ ሲመጡ ፈረንሳይ ልታግዝ ስምምነት ተፈረመ። ቁጠሩት እስቲ። አንድ አገር አንድን ሙያ ከኖርዌይ ተማረ፤ ልጆቹን አስተማረ፤ ሲበተን የሚያውቁትን ጻፉልን፣ አስተምሩልን ሳይል በተናቸው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ፊደሉን ከፈረንሳይ ሊጀምር ተመዘገበ። የጦር መርከብ መርቶ የሚያውቅ ሰው እኮ በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎረቤታችን ነበር። ታክሲ ውስጥ አጠገባችን ተቀምጦ ነበር።

ደግሞ ቢፒአር አለ። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደመወዝተኛ የነበረ ሰው ይህችን ባለ ሦስት ፊደል ስም ሲሰማ ዛሬም ሆዱ ይጮኻል። ሥራውን ከነጭ ወረቀት ጀምሮ እንደ አዲስ መንደፍ ነው፤ ነባሩ አሠራር እንዳልነበር ይቆጠራል። ሐሳቡ የአሜሪካኖቹ የማይክል ሐመርና የጄምስ ቻምፒ ነው፤ መጽሐፋቸው የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ነበር። የሚያስቀኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ሐመር ራሱ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1996፣ እኔ መሐንዲስ ነኝና የሰውን ነገር በሚገባው ልክ አላሰብኩበትም ነበር ሲል በጋዜጣ አምኗል። እኛ ጋ በየአዳራሹ ፍሊፕ ቻርት ተዘርግቶ ነጩ ወረቀት ሲሰበክ፣ የሐሳቡ አባት ስሕተቴ ይህ ነው ካለ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። መድኃኒቱን ስናስመጣ ማስጠንቀቂያው የተጻፈበትን ወረቀት ጥለን ነው።

በነጭ ወረቀት መጀመር ለማያውቅ ሰው ደስ ይላል። የሚያውቅ ሰው ግን ነባሩ አሠራር ውስጥ ያለች አንዲት ጠማማ መስመር በከንቱ እንዳልጠመመች ያስታውሳል፤ በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ጉድ ደርሶ ነው፣ ያን ጊዜ ኦዲተር እንዲህ ብሎን ነው ይላል። ይህን ሲናገር ምን ተባለ? «ለውጥ አደናቃፊ።» ሁለተኛ ጊዜ አይናገርም።

ክርክሩ ሁልጊዜ እንዲህ ይመለሳል፦ «ዛሬ እኮ ሲስተም አለ።» ጥሩ፤ ሲስተም እወዳለሁ፤ ባንክ ሰልፍ ላይ ያረጀ ትውልድ ሲስተም ቢጠላ ይፈረድበታል። ነገር ግን ሲስተም የሚያውቀው የነገሩትን ነው። ሲስተሙን እንዲሞላ የተቀጠረው ልጅ መዝገብ ቤቱ ያሉትን አዛውንት ሳይጠይቅ ከሞላው፣ ስሕተቱን በኤሌክትሪክ ፍጥነት ያደርስላችኋል። ሌላው ደግሞ «ማንም ሰው ቢሄድ ይተካል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ወንበሩ ይተካል። መተካት ማለት ግን ተተኪው ሦስት ዓመት ሙሉ ቀዳሚው የተሳሳተውን ሁሉ እንደገና እየተሳሳተ እንዲማር መፍረድ ከሆነ፣ የዚያን ትምህርት ክፍያ የሚከፍለው ማን ነው? ባለጉዳዩ ነው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ነገ ይመለሱ» እየተባለ።

አሁን ወደማይመቸኝ ነገር ልምጣ። ጥፋቱ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱ አይደለም። እኛ ሠራተኞችም ዕውቀታችንን በመሐረብ ቋጥረን ብብታችን ሥር እናውላለን። መሳቢያውን ቆልፎ ለዓመት ፈቃድ የሚሄድ ሰው አላያችሁም? የይለፍ ቃሉን ለማንም ሳይነግር ጸበል የሚወርድ? እሱ በሌለበት ሥራው ሲቆም በውስጡ ደስ የሚለው? እኔም ከዚያ ወገን ነኝ። ከለቀቅሁ ከጥቂት ወራት በኋላ በቦታዬ የተተካው ወጣት መምህር ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ ካርቶን ውስጥ ያሉት ካሴቶች ምንድን ናቸው?» አለኝ፤ በአክብሮት። የወንበሩ ዋጋ ገና አልበረደልኝም ነበር። «መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ፤ ርክክብ አድርጌያለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ልጁ ምን አደረገ? ምንም። እኔ ግን በዚያች ቀን ንብረት ክፍሉን ሆኜ ነበር።

ሰው ለምን ይደብቃል? ፈርቶ ነው። የሚያውቀው ነገር እንጀራው ሆኖበት ነው። ሥራዬን ለዚህ ልጅ ባሳየው ነገ መደቤ ይታጠፋል ብሎ የሚሠጋ ሰው አያሳይም፤ ሥጋቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ውህደት በተባለ ቁጥር ያየው ነገር ነው ያስተማረው። «ማን ይቀራል፣ ማን ይቀነሳል» የሚባልበት ሰሞን ሰው እንዳይነግር አፉን ይይዛል፤ ልክ መነገር ባለበት ሰዓት። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይህን አያስተውሉም፤ ከአንድ ወር ዝምታ በኋላ «ሠራተኛው ለውጡን በጸጋ ተቀብሏል» ብለው ሪፖርት ይጽፋሉ።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ነው የፈቱት። የድጓ ተማሪ ከየመምህሩ እግር ሥር ዓመታት ቆይቶ፣ በመጨረሻ ጋይንት ቤተ ልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ካስመሰከረ በኋላ መምህሩ የሚጠየቀው ስንት ያውቃል ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ማንን አወጣ ተብሎም ነው። ደቀ መዝሙር ያላወጣ መምህር፣ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ ስሙ በሐረገ መምህራኑ ውስጥ አይጠራም። ዕውቀቱን ማካፈሉ አያከስረውም፤ ስሙን የሚያኖርለት እሱ ነው። በእኛ ቢሮ ግን በዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛው ላይ ለሰዓት አክባሪነት ነጥብ አለ፤ ሰው ላበቃ ሰው ነጥቡ የት ነው? (የአብነት ትምህርት ቤቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ መድኃኒቱን ለበኩር ልጁ ብቻ ተናግሮ የሚሞተው ዐዋቂም የዚያው አገር ሰው ነው። የድሮውን ሁሉ ማሞገስ አልፈልግም።)

የጡረታው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይገርመኛል። ሠራተኛው ሲቀጠር የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የተወለደበትን ዘመን ጽፏል። የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ይህ ሰው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዓመት እንደሚሄድ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያውቃል! ቀኑ ሲደርስ ግን እንደ ድንገተኛ ጎርፍ ይደነግጣል። «ወይ ጉድ፣ እሳቸው ሄዱ እኮ!» ከዚያ ሽኝት ይዘጋጃል፤ ኬክ ይቆረሳል፤ ጋቢ ይለበሳል፤ የግድግዳ ሰዓት ይሸለማል፤ ከእንግዲህ ሰዓት ለማይፈርም ሰው። ስለ ሽማግሌና ስለ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን አባባል አልደግመውም፤ በየሽኝቱ ይባላል። ከተባለ በኋላ ይጨበጨባል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ሰዓቱን ተሸክሞ ታክሲ ይጠብቃል።

ይህን ዛሬ ማንሣቴ በምክንያት ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ፣ ለነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጠ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍት የባንክ ዐዋጅ ጸደቀ። ውህደት የሚለው ቃል ከቢሮ ወጥቶ የካፌ ወሬ ሆኗል። ውህደት ለባንክ አዲስ ነገር አይደለም። በ1968 የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተብሎ የተቋቋመው፣ በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የተባለው ባንክ፣ በ2008 ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል። አርባ ዓመት የቤት ብድር ሲያበድር የኖረ ቤት ነበር። ያን ጊዜ ያነበብኩት ዜና ስለ ቅርንጫፍ፣ ስለ ሀብትና ስለ ካፒታል ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የትኛው ሰው ቤት ሠርቶ እንደሚከፍል፣ የትኛው እንደማይከፍል፣ የትኛው መያዣ በወረቀት እንጂ በመሬት ላይ እንደሌለ ያዩት የብድር ባለሙያዎች ምን እንደሚያውቁ ተጠይቀው እንደሆነ ያነበብኩት የለም።

ቀጥሎ የሚዋሐዱት ምን ያድርጉ? እኔ የአስተዳደር ሊቅ አይደለሁም፤ ግን የክሊራንስ ወረቀት ልምድ አለኝ። ማን ይቀራል ማን ይሄዳል የሚለውን አስቀድመው ይንገሩ፤ ፍርሃት ባለበት ቤት ማንም ምንም አያስረክብም። ተሰናባቹን ከተተኪው ጋር ስድስት ወር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፤ ደመወዙ ይከበዳል የሚል ካለ የሦስት ዓመቱን ስሕተት ዋጋ ያስላ። ጡረተኛውን በወር ሁለት ቀን ይጥሩት፤ አበል ይክፈሉት፤ በነፃ ስልክ አይጠይቁት። ከአሥራ አራቱ ፊርማ አሥራ ሦስቱን አልነካም፤ ካፌውም ይፈርም። አሥራ አምስተኛ ቦታ ጨምሩበት፤ የሚፈርመውም ተተኪው ይሁን፤ «የሚያውቁትን አሳይተውኛል» ብሎ። እሱ ካልፈረመ ጥፋቱ የኃላፊው ይሁን እንጂ የተሰናባቹ ደመወዝ አይያዝ።

ያ ወጣት መምህር፣ ዛሬ እሱም ጠጉሩ ገባ ገባ ብሎለታል፣ ባለፈው ወር ቤቴ መጣ። አንድ ካርቶን ተሸክሟል። ስልክ ዘግቼበት እንደነበር አላነሣም፤ እኔ አነሣሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ያገኘውን የካሴት ማጫወቻ ሰካን፤ አንድ በአንድ ማዳመጥ ጀመርን። የማውቀውን እየነገርኩት ይጽፋል። «ሀ 17» ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ሳቅን፤ የውቂያ ዘፈን ነው፤ በመኻሉ አህያ ትጮኻለች። «ለ 4»ን ሲያነሣት እጁን ያዝኩት። የአልቃሿን አደራ ነገርኩት።

«ታዲያ በሕይወት አሉ?» አለኝ።

አልቃሿን አድራሻ ጠይቀው በበዓል ሰላምታ ይልኩላቸው የነበሩት እትዬ ናቸው። እትዬ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ካሴቷን ሳንከፍት ካርቶኑ ውስጥ መለስናት።